የማይረሱ የውበት መሪ ቃሎች፦ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ሱቆች ሲታዩ

የማስታወቂያ መሪ ቃል አንድን ሸቀጥ ከመሰሎቹ ለይቶ በሰው አእምሮ ለማስቀረት ታስቦ የሚነገር አጭር ሐረግ ነው። ብዙ ሰው ‹‹መፈክር›› ይለዋል፤ ይሁን እንጂ መፈክር የሰልፍና የፉከራ ጣዕሙ ስለሚያይልበት እዚህ ‹‹መሪ ቃል›› የሚለውን እንጠቀማለን። ሳሙና፣ ሻምፖ፣ ቅባትና የፀጉር ቀለም የሚሸጡ ኩባንያዎች በመሪ ቃል ላይ አጥብቀው የሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ መደርደሪያ የተደረደሩ ሁለት ሳሙናዎች በሥራቸው እምብዛም አይለያዩም። ገዢዋ የምትመርጠው ስትታጠብበት ይሰማኛል ብላ የምታስበውን ነው፤ ያንን ስሜት የሚሸከመው ደግሞ ቃል ነው።

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በየካ አባዶም ሆነ በለገጣፎ መንገድ ዳር የኮስሞቲክስ ሱቅና የሴቶች ፀጉር ቤት የሌለበት የኮንዶሚኒየም ሰፈር ማግኘት ያስቸግራል። በእነዚህ ሱቆች ደጃፍ የዓለም ታላላቅ መሪ ቃሎች በእንግሊዝኛ እንደታተሙ ከፖስተር ላይ ይታያሉ፤ አጠገባቸው በቆርቆሮ ላይ በብሩሽ የተጻፈ አማርኛ አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው የሰዋስው ልዩነት ነው። እንግሊዝኛ ሁሉንም ሰው በአንድ ተውላጠ ስም ይጠራል፤ አማርኛ ግን አንቺ፣ አንተ፣ እርስዎ ወይም እናንተ ብሎ ሳይመርጥ አፉን መክፈት አይችልም። ስለዚህ አማርኛ መሪ ቃል የሚጽፍ ሰው ስለ ሸቀጡ ከመናገሩ በፊት ማን ለማን እንደሚናገር መወሰን አለበት። የውበት መሪ ቃሎች ታሪክም በአብዛኛው የዚሁ ጥያቄ ታሪክ ነው።

ከቀደሙት መካከል ስሙ የሚነሳው የእንግሊዙ ፒርስ ሳሙና ነው። የኩባንያውን ሽያጭ ይመራ የነበረው ቶማስ ባራት እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ‹‹እንደምን አደሩ? በፒርስ ሳሙና ታጥበዋል?›› የሚል ማስታወቂያ አሰራጨ። ብልሃቱ ሰው በየማለዳው ሳያስበው ከሚናገረው ሰላምታ ላይ ሸቀጡን ማሰሩ ነበር። በእኛ ዘንድ ሰላምታ እንደምን አደሩ ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡን፣ ከብቱንና አዝመራውን ጭምር የሚያዳርስ በመሆኑ የዚህ ዘዴ ጉልበት ለአማርኛ ተናጋሪ ወዲያው ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1911 ደግሞ ሄለን ላንስዳውን የተባለች አሜሪካዊት ለውድቤሪ ሳሙና ‹‹መንካት የሚያስደስት ቆዳ›› የሚል ቃል ይዛ ቀረበች። ከዚያ በፊት ሳሙና በብዛት የሚሸጠው እድፍ ያስለቅቃል ተብሎ ነበር፤ በእርሷ ማስታወቂያ ግን የሚወራው ስለ እድፍ ሳይሆን ስለሚነካው እጅና ስለሚነካው ገላ ሆነ።

በቅኔ ለኖረ ሕዝብ ከሁሉም የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ1956 ሸርሊ ፖሊኮፍ ለክሌሮል የፀጉር ቀለም የጻፈችው ነው፤ ‹‹ታደርጋለች ወይስ አታደርግም? እርግጡን የሚያውቀው ፀጉር ሠሪዋ ብቻ ነው›› ይላል። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ፀጉርን ቀለም መቀባት የሚያሳፍር ነገር ስለነበር ጥያቄው የሚደረገውን ነገር ስሙን ሳይጠራ ያልፈዋል። ሰሙ ቀለም ትቀባለች ወይ ነው፤ ወርቁን ግን የላይፍ መጽሔት አዘጋጆች ወደ ሌላ ተርጉመው ነውር ነው በማለት ማስታወቂያውን አናወጣም አሉ። ፖሊኮፍ በበኩሏ በመሥሪያ ቤታችሁ ያሉትን ሴቶች ጠይቁ አለቻቸው፤ ከተጠየቁት ሴቶች አንዷም ሁለተኛውን ፍቺ አየሁ ባለማለቷ ማስታወቂያው ታተመ። በቀጣዮቹ ሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ፀጉራቸውን ቀለም የሚቀቡ አሜሪካውያን ሴቶች ድርሻ ከ7 በመቶ ወደ 40 በመቶ በላይ ከፍ ብሏል። ለዚህ ለውጥ ምክንያቱ አንድ ሐረግ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ሕብረ ቃሉ ለማፈር ምክንያት የነበረውን ነገር የጓደኛሞች ምሥጢር አድርጎ እንዳቀለለው አያጠራጥርም።

በክሌሮል ቃል ውስጥ ሴቲቱ ‹‹እሷ›› ናት፤ ሌሎች ስለ እርሷ ያወራሉ እንጂ ራሷ አትናገርም። ይህን የለወጠችው ኢሎን ስፔክት ናት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሎሬያልን ፕሪፈረንስ የፀጉር ቀለም ማስታወቂያ እንድትጽፍ ታዘዘች። ከባልደረቦቿ የቀረበው ሐሳብ ሴቲቱን በመስኮት አጠገብ ዝም አሰኝቶ የሚያስቀምጥ ነበር፤ ስፔክት ተናድዳ ጽሑፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው በሴቲቱ አንደበት ጻፈችው። የቀለሙ ዋጋ ከተፎካካሪው ይበልጣል፤ ሴቲቱም ውድነቱን ሳትደብቅ ‹‹ስለሚገባኝ ነው›› ትላለች። ኩባንያው ከጊዜ በኋላ ቃሉን ወደ ‹‹ስለሚገባሽ››፣ ቀጥሎም ወደ ‹‹ስለሚገባን›› ለውጦታል። በዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አመለካከት በለውጡ ብዙ ነገር ጎድሏል፤ ‹‹ይገባኛል›› የምትል ሴት የራሷን ዋጋ ራሷ ትተምናለች፣ ‹‹ይገባሻል›› የሚላት ግን ነጋዴ ነው።

ቃሉ ወደ አማርኛ ሲመጣ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ‹‹ይገባኛል›› በጽሑፍ አንድ ሆኖ በመጥበቅና በመላላት ሁለት ፍቺ ይሰጣል፤ አንደኛው የሚመጥነኝ ነው ማለት ሲሆን ሌላው እረዳዋለሁ ማለት ነው። በዚህ ላይ መሬት ሲሸጥ፣ ሲለወጥና ሲካለል በኖረበት የከተማ ዳርቻ ‹‹የይገባኛል ጥያቄ›› ሲባል የሁሉም ሰው ጆሮ የሚሄደው ወደ ይዞታ ክርክር ነው። ስለዚህ ቃል በቃል የተገለበጠው ሐረግ ስለ ፀጉር ቀለም ከመናገሩ በፊት ካርታና ሳይት ፕላን ያሳስባል። በእንግሊዝኛ ታትሞ እንዲቀር ያደረገው አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ጭራሽ የማይተረጎሙም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ‹‹ምናልባት አብሯት የተወለደ ነው፤ ምናልባት ሜይቤሊን ነው›› የሚለው ቃል ጥንካሬው እንግሊዝኛው ‹‹ምናልባት›› ከኩባንያው ስም ጋር በድምፅ መግጠሙ ስለሆነ በአማርኛ ግጥሙ ይፈርሳል። ስሙ ራሱ የተገኘው ሜብል ከተባለች የመሥራቹ እህት ስምና ከቫዝሊን ነው። ቫዝሊን ደግሞ በእኛ ሱቆች ከመሪ ቃል አልፎ የሸቀጡ ዓይነት መጠሪያ ሆኗል፤ የማንም ፋብሪካ ቢሆን ደንበኛዋ ‹‹ቫዝሊን ስጠኝ›› ብላ ነው የምትገዛው። የወንዶቹ ታሪክ አጭር ነው፤ ጂሌት እ.ኤ.አ. በ1989 ‹‹ወንድ ሊያገኘው የሚችለው ምርጡ›› የሚል ቃል ይዞ ለ30 ዓመታት ቆይቶ በ2019 ባወጣው ዘመቻ ‹‹ወንዶች ሊሆኑት የሚችሉት ምርጡ›› ወደሚል ለወጠው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የኦሮሚያ አካባቢዎች፣ ለምሳሌ በሰበታና በቡራዩ፣ የንግድ ቤት ሰሌዳ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ ለመሪ ቃል የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው። የተረፈውንም ብዙዎቹ በእርስዎ ይሞሉታል፤ ‹‹ውበትዎን ለእኛ ይተዉ›› ዓይነቱ ጨዋ ቢሆንም ከቢሮ ማመልከቻ ብዙ አይርቅም። በቱሉ ዲምቱ አንድ ፀጉር ቤት መስታወት ላይ ግን በቀይ ቀለም ‹‹ነይ ልሥራሽ›› የሚል ተጽፏል። ከውስጥ ባለሙያዋ ደንበኛዋን ከካስክ ሥር እያስነሳች ‹‹ነይ የኔ እናት፣ ደርቋል›› ትላለች፤ መስታወቱና አፏ የሚናገሩት አንድ ቋንቋ ነው። ሁለት ቃል ብቻ ናቸው፤ ሆኖም ተናጋሪዋና ተጠሪዋ ሁለቱም በውስጣቸው አሉ።

ከፋብሪካ ሸቀጥ በፊትም አጭርና የማይረሳ ቃል ነበረን። ፀጉር ለመቀባት ቅቤ የምትፈልግ ሴት ‹‹የሸኖ ለጋ›› ሲባል ሌላ ማብራሪያ አትጠይቅም፤ አንዱ ቃል ከየት እንደመጣ፣ ሌላው ምን ያህል ትኩስ እንደሆነ ይናገራል። በለገጣፎና በሰንዳፋ በኩል በሚያልፈው የደሴ መንገድ ይህ ስም ዛሬም ይሸጣል። ከአደስ ጋር ተነጥሮ ሲቀርብ ሽታው ራሱ ማስታወቂያ ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው የቆዳ ማቅሊያ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በህንድ ለገበያ የቀረበው ፌር ኤንድ ላቭሊ መቅላትን ከመወደድ ጋር በስሙ አጣምሮ ለ45 ዓመታት ከተሸጠ በኋላ በ2020 ከስሙ ‹‹ፌር›› የሚለውን አውጥቶ ግሎው ኤንድ ላቭሊ ተብሏል። በአማርኛም ‹‹ያቀላል›› የሚለው ቃል ‹‹ያፈካል››፣ ‹‹ያጠራል›› እየተባለ ሲለዝብ ይሰማል። ይህ የሚያሳዝነው ጠይም የሚለው ቃል በአማርኛ ዘፈን ለዘመናት የውበት ማወደሻ ሆኖ ሳለ ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ የኮስሞቲክስ ቁጥጥር ደግሞ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ውስጥ ተካትቷል። ዓለም አቀፉ የሚናማታ የሜርኩሪ ስምምነትም ሜርኩሪ የተጨመረባቸው የቆዳ ማቅሊያ ሳሙናዎችና ክሬሞች እንዲወገዱ ወስኗል። ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ የሚቀባ ሃይድሮኪኖን የተባለው ማቅሊያም ቆዳውን መልሶ ሊያጠቁረው ይችላል። በክሬሙ ክዳን ላይ መሪ ቃሉ በትልልቅ ወርቃማ ፊደል ይነበባል፤ የውስጡ ዝርዝር ግን ከጀርባ፣ አማርኛ በሌለበት፣ በጥቃቅን ፊደል ነው። ገዢዋ ዕቃውን ገልብጣ ልትፈልጋቸው የሚገቡት ሁለት ስሞች ሜርኩሪና ሃይድሮኪኖን ናቸው፤ ዝርዝር ጨርሶ ያልተጻፈበትን ደግሞ ወደ መደርደሪያው መመለስ ይሻላል።