ሕጋዊ መከላከል ምንድን ነው?

«ቤቴ ድረስ መጥቶብኝ ነው የገደልሁት።» ጎንደር ላይ ይህን የሚል ሰው በሰፈሩ ዘንድ ግማሽ መንገድ ነጻ ወጥቷል፤ ጎረቤቱም «ታዲያ ምን ያድርግ?» ይልለታል። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ማን ማን ቤት ሄደ ብሎ አይደለም። ጥይቱ ሲወጣ አደጋው ነበረ ወይስ አልፎ ነበር ብሎ ነው።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 እንደሚለው፣ በራስ ወይም በሌላ ሰው ላይ የደረሰን ወይም ሊደርስ የተቃረበን ሕገወጥ ጥቃት ለመመለስ የተፈጸመ ድርጊት አያስቀጣም። ይህ የሚሆነው ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስወገድ ካልተቻለና አመላለሱ ከአደጋው ጋር ከተመጣጠነ ነው።

አንድ ሌሊት እናስብ። አዘዞ ዳር አንድ ሰው መጥረቢያ ይዞ አጥር ዘለለ፤ ባለቤቱም ክላሹን አንሥቶ ወጣ። መጥረቢያው ተሰንዝሮ፣ በመካከላቸው ሦስት እርምጃ ቀርቶ ቢተኩስ አንቀጽ 78 ከጎኑ ይቆማል። ሰውየው መጥረቢያውን ጥሎ ወደ አጥሩ ሲሮጥ ሁለተኛ ቢተኩስና በዚያችው ጥይት ቢሞትስ? እዚህ ላይ የቀረው ንዴት ብቻ ነው። መርማሪ ቀለህ የወደቀበትን ቦታ የሚለካው፣ ሐኪምም ጥይቱ በደረት ገባ ወይስ በጀርባ ብሎ የሚጽፈው ለዚህ ነው። እንደ እኔ ከአሥር ምስክር ይልቅ ያቺ የሐኪም መስመር ትከብዳለች። ክላሹ ፈቃድ ከሌለው ደግሞ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ክስ ነው።

መከላከል ጀምሮ መጠኑን ላለፈ ሰው አንቀጽ 79 አለለት፤ ቅጣቱ ይቀልለታል። መጠኑን ያለፈው ጥቃቱ ባመጣበት ፍርሃትና ድንጋጤ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጭራሹን ላይቀጣው ይችላል።

ቤተሰብን መጀመሪያ የሚያስጨንቀው ግን ዋስትና ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ የአንቀጽ ቁጥር ይሆናል። አንቀጽ 540፣ ተራ የሰው ግድያ፣ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ሰው ሞቶ ወንጀሉ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያስቀጣ ሲሆን ዋስትና ይከለክላል። የመከላከልን መጠን አልፎ መግደልን የሚመለከተው አንቀጽ 541 ግን ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ነው፤ በዋስ ያስወጣል። ጠበቃ ገና ከመጀመሪያው ቀን በዚህች በአንድ ቁጥር ልዩነት የሚሟገተው ያለ ምክንያት አይደለም።

የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ካሳመነው ፍርድ ቤቱ «ተከላከል» ብሎ ብይን ይሰጣል። በጥይት ተከላከልሁ ያለ ሰው አሁን በምስክር ይከላከላል።

ሽማግሌ ገብቶ ደም ቢደርቅ እንኳ ክሱ የመንግሥት ነውና አይቋረጥም፤ እርቁ ለቅጣት ማቅለያ ይረዳ ይሆናል። በወንጀሉ ነጻ መባልም የካሳን በር አይዘጋም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 መሠረት የካሳው ዳኛ በወንጀሉ ችሎት ውሳኔ አይታሰርም። የሟች ወንድሞችም ቢሆኑ የፍርዱን ወረቀት አይተው ደማቸውን አይረሱም። ስለዚህ ነጻ የወጣው ሰው ከማረሚያ ቤት በር ቀጥታ አዘዞ አይገባም፤ ሌላ አገር ዘመድ ቤት ተቀምጦ ሽማግሌ ይልካል።