የበረራ አፖች ካርታ፦ ኦፍላይንና ኦንላይን፣ ከጅማ ሲታይ

የበረራ አፕ የምንለው ታብሌት ወይም ስልክ ላይ ተጭኖ አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ ካርታ ላይ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። ማኮብኮቢያውን፣ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲውን፣ የአየር ክልሉን ወሰንና የመሬቱን ከፍታ አንድ ላይ ያሳያል። ፎርፍላይት፣ ጋርሚን ፓይለት፣ ስካይዴመንና በነፃ የሚገኘው ኤክስሲሶር በጣም ከሚታወቁት ናቸው። ካርታው የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው፤ ወይ አስቀድሞ ወርዶ መሣሪያው ውስጥ ይቀመጣል (ኦፍላይን)፣ ወይ በዚያው ሰዓት ከኢንተርኔት ይጎተታል (ኦንላይን)።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም። ስልኩ ከሳተላይት የሚመጣውን ምልክት ይቀበላል እንጂ ምንም አይልክም። ስለዚህ ዳታ ጠፍቶም ቦታህን ያውቃል፤ የሚጠፋው ካርታው ነው። ሰማያዊዋ ነጥብ ባዶ ግራጫ ላይ ቁጭ ትላለች። አይፓድ ለመግዛት ያሰበ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፦ ዋይፋይ ብቻ ያላቸው አይፓዶች የጂፒኤስ ቺፕ የላቸውም፤ ሲም የሚወስደውን መግዛት ወይም በብሉቱዝ የሚገናኝ መቀበያ መጨመር ግድ ነው።

የታሪኩ መነሻ ወረቀት ነው። ኤልሪ ጄፕሰን የሚባል አሜሪካዊ የፖስታ አብራሪ በ1930ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ ያሉት ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሚያርፍባቸውን ሜዳዎች ርዝመት፣ የኮረብታዎቹን ከፍታ፣ የገበሬዎችን ስልክ ቁጥር ሳይቀር በኪስ ደብተር ይጽፍ ነበር። ጓደኞቹ ቅጂ ሲለምኑት በ1934 በ10 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ አብራሪዎች የሚጠቀሙበት የጄፕሰን ቻርት (የበረራ ካርታ) ከዚያ ደብተር የወጣ ነው። ቦይንግ ኩባንያውን በ2000፣ ፎርፍላይትን ደግሞ በ2019 ገዝቶ ነበር፤ ሁለቱንም በ2025 ሸጧቸዋል።

የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 ተመሠረተ። ሚያዝያ 8 ቀን 1946 የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ አደረገ፣ ብዙም ሳይቆይ ወደ ጅማ መብረር ጀመረ። ጅማ ከመጀመሪያዎቹ የአገር ውስጥ መዳረሻዎች አንዷ ናትና ይህ ጉዳይ ለከተማችን ባዳ አይደለም። በዚያን ጊዜ ወረቀት፣ ኮምፓስና ዓይን ነበር።

ወረቀቱ ከኮክፒት መውጣት የጀመረው አይፓድ በ2010 ከመጣ በኋላ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ በታኅሣሥ 2011 በበረራው ጊዜ ሁሉ አይፓድ ለመጠቀም ፈቃድ አገኘ፤ በየአብራሪው ቦርሳ ከ15 ኪሎ በላይ ወረቀት ቀረ። በሚያዝያ 2015 ግን የዚሁ አየር መንገድ በርካታ በረራዎች ዘገዩ። ምክንያቱ አፑ ውስጥ የዋሽንግተኑ ሬገን ኤርፖርት ቻርት ሁለት ጊዜ መግባቱ ነበር፤ አፑ ራሱን ይዘጋ ነበር። ካርታው መሣሪያው ላይ መኖሩ ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

አሁን ወደ አሠራሩ። ኦንላይን ካርታ በቁርጥራጭ ሥዕሎች የተሠራ ነው፤ ታይል ይሏቸዋል። ካርታውን አንድ ደረጃ ባቀረብክ ቁጥር የሥዕሎቹ ብዛት በአራት ይባዛል። ዓለም በዜሮ ደረጃ አንድ ሥዕል ናት፣ በ12ኛው ደረጃ ወደ 17 ሚሊዮን ትጠጋለች። ስልኩ የሚያስቀረው ያየኸውን ብቻ ነው። ትናንት ቤትህ ዋይፋይ ላይ ጅማን ከሩቅ ካየህና ዛሬ አየር ላይ ሆነህ አቅርበህ ማየት ከፈለግክ፣ ያ ቅርብ ሥዕል ስልክህ ውስጥ የለም። «አይቼዋለሁ እኮ» አያዋጣም። አካባቢውን በሙሉ ዳውንሎድ ማድረግ ሌላ ነገር ነው።

ትልቁ አውሮፕላን ራሱ የሚሠራው በኦፍላይን ነው። ወደ ጅማ የሚመላለሰው ኪው 400 የተባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን የበረራ ኮምፒውተሩ ውስጥ የመንገድና የኤርፖርት መረጃ መሬት ላይ እያለ ይጫንለታል። መረጃው በየ28 ቀኑ ይታደሳል፤ በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ሁልጊዜም ሐሙስ ቀን ሥራ ላይ ይውላል። ይህ የእድሳት ዙር ኤራክ ይባላል። በዓመት አብዛኛውን ጊዜ 13 ዙር አለው።

ስለዚህ ክርክሩ ኦፍላይን ወይስ ኦንላይን ከመሆኑ በፊት የትኛው መረጃ ያረጃል ብሎ መጠየቅ ነው የሚሻለው። ተራራ አያረጅም። ብዙ አፖች የመሬት ከፍታን የሚወስዱት የናሳዋ ኢንዴቨር መንኩራኩር በየካቲት 2000 በ11 ቀን በራዳር ከለካችው ነው፤ ባለ 30 ሜትሩ ዝርዝር በ2014 ለሕዝብ መለቀቅ ሲጀምር የቀደመችው አፍሪካ ነበረች። ያኔ የወረደ ፋይል ዛሬም ይሠራል። ጉድለት ግን አለው። ራዳሩ በጥቅጥቅ ጫካ ላይ መሬቱን ሳይሆን ወደ ዛፉ ጫፍ የተጠጋውን ነው የለካው፣ በጅማ ዙሪያ ደግሞ ጫካ ሞልቷል። የቴሌ ማማና ከግልገል ጊቤ የሚወጣው የኃይል መስመርም እዚያ ውስጥ የለም። የአየር ክልል፣ ፍሪኩዌንሲና የማኮብኮቢያ መረጃ ግን በ28 ቀን ሊለወጥ ይችላል። የአየር ጠባይና ኖታም፣ ማለትም ለአብራሪዎች የሚወጣው አስቸኳይ ማስታወቂያ፣ በሰዓታት ያረጃሉ፤ እነዚህ ካልተገናኘህ አይገኙም።

በአንዳንድ ነፃ አፖች ላይ የአየር ክልል መረጃ የሚመጣው በጎ ፈቃደኞች ከሚሞሉት ኦፕን ኤአይፒ ከተባለ የመረጃ ቋት ነው። ጥሩ ነው የሚሉም፣ አገራችን ላይ መረጃው ስስ ነው የሚሉም አሉ። የመጨረሻው ቃል ግን የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የሚያወጣው ሰነድ ነው፣ በዚህ ድርድር የለም።

ጅማን ስናይ ነገሩ ይከብዳል። ኤርፖርቱ በ1,700 ሜትር ከፍታ አካባቢ ነው፤ በዓለም አቀፉ መለያ ኤችኤጄኤም ይባላል። ከቦሌ በቀጥታ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን መሬቱ በመካከል ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርድና መልሶ ይወጣል። ክረምት ላይ ደመናው ኮረብታውን ይሸፍነዋል። የሞባይል አንቴና የተሠራው መሬት ላይ ላለ ሰው ነው፤ ወደ ታች ያዘነብላል። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር ኔትወርኩ ይቆራረጣል። መሬት ላይም ቢሆን በሰኔ 2020 መጨረሻ በአገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያገለግለው አስቀድሞ የወረደው ብቻ ነው፣ እኔም ለዚህ ነው ኦፍላይን ይቅደም የምለው።

ተሳፋሪም ይሞክረው። ቦሌ ከመድረስህ በፊት ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ ያለውን አውርድ። ዳታህን ዝጋና አፑን አጥፍተህ እንደገና ክፈተው። ጅማ ላይ አቅርበህ መንገዶቹ ከታዩህ ካርታው ገብቷል። ከዚያ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገህ መስኮት አጠገብ ያዘው፤ አብዛኞቹ ስልኮች ላይ ጂፒኤሱ አይጠፋም። ጊቤን ስታቋርጥ ከታች በዓይንህ፣ ከላይ በስክሪኑ ታየዋለህ። ይህ ለማየት ነው እንጂ ለማብረር አይደለም፤ አብራሪ የሚጠቀምበት መሣሪያና መረጃ የተፈቀደለት መሆን አለበት።