ቤት ለሽያጭ ሲዘጋጅ፦ ስለ እድሳት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከአያት ተነሥተው ወደ ለገጣፎ፣ ከቃሊቲ ወርደው ወደ ገላን፣ ከአየር ጤና ወጥተው ወደ ሰበታ በሚዘልቁት መንገዶች ግራና ቀኝ፣ ቤቱን ለመሸጥ የወሰነ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚደውለው ለቀለም ቀቢ ነው። እኔ የምተዳደረው በቤት ማጠናቀቂያ ሥራ ስለሆነ ከቀለም ቀቢው ቀጥዬ የምጠራው ሰው ነኝ፤ የገዛ ገበያዬን የሚያበላሽ ቢሆንም፣ ከምጠራባቸው ቤቶች በብዙዎቹ የምሰጠው ምክር «ይህንን አያሠሩት» የሚል ነው። ለመኖር የሚታደስ ቤትና ለመሸጥ የሚታደስ ቤት አንድ ስላልሆኑ፣ ሻጮች ደጋግመው ሲናገሯቸው የምሰማቸውን አመለካከቶች አንድ በአንድ አንሥቼ እውነታውን ከጎናቸው አስቀምጣለሁ።

«ለእድሳት ያወጣሁትን ዋጋው ላይ ጨምሬ አገኘዋለሁ»

ከሁሉም የሚበዛው ስሕተት ይህ ነው። ገዢ ዋጋ የሚሰጠው ሻጩ ምን ያህል እንዳወጣ አስልቶ ሳይሆን፣ በዚያው ሰፈር ተመሳሳይ ቤት በስንት እንደተሸጠ አጠያይቆ ነው። በከተማው ዳርቻ ደግሞ ዋጋውን አስቀድመው የሚቆርጡት የይዞታው ስፋት በካሬ ሜትር፣ ቤቱ ከአስፋልት ያለው ርቀት፣ መኪና ክረምት ከበጋ ደጁ መድረስ መቻሉና የካርታው ንጽሕና ናቸው፤ የወለሉና የኮርኒሱ ነገር የሚነሣው እነዚህ ካለቁ በኋላ ነው።

ካራ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት ጡረተኛ እናት ቤታቸውን ከመሸጣቸው በፊት የማዕድ ቤቱን ቁም ሣጥን በሙሉ አስነቅለው በኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ በተጨመቀ ጣውላ) አሠርተው፣ የሳሎኑን ኮርኒስ በጂፕሰም አስቀይረው፣ ዙሪያውን ሰማያዊ መብራት አስገብተውበት ነበር። ገዢው ሊያይ በመጣበት ቀን ቀሪ ሒሳቤን ልቀበል ሄጄ እዚያው ነበርኩ። ሰውዬው ሳሎኑን አመሰገነ፣ ቡናም ጠጣ፤ ከዚያ ካርታውን ተቀብሎ ካሬውን አነበበና ወደ ጓሮ ወጥቶ በእርምጃ ይለካ ጀመር። ሲመለስ አብሮት ለመጣው ወንድሙ ቀስ ብሎ «ይህን ግድግዳ አፍርሰን ማዕድ ቤቱን ወደ ጓሮ እናወጣዋለን» አለው። እማማ ሰምተውታል፤ ዞር ብለው አዩኝ፣ እኔም ወለሉን አየሁ። ቤቱ የተሸጠው ጎረቤት ያለው ያልታደሰ ቤት በተሸጠበት ዋጋ አካባቢ ነበር።

ይህ ማለት ግን ቤቱ እንዳለ ለገበያ ይቅረብ ማለት አይደለም። የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ገፍተው ካልያዙት የማይዘጋ በር፣ የተነሣ ሴራሚክ፣ የተቃጠለ ማብሪያ ማጥፊያ እያንዳንዳቸው በትንሽ ገንዘብ የሚስተካከሉ ሲሆኑ፣ ሳይስተካከሉ ከቀሩ ግን ገዢውን «የሚታየው እንዲህ ከሆነ የማይታየውስ?» ያሰኙታል። ይህ ጥርጣሬ በድርድር ላይ የሚያስቀንሰው ገንዘብ ከጥገናው ወጪ ብዙ እጥፍ ሲሆን አይቻለሁ።

«ቀለም ከተቀባ ሁሉም ይሸፈናል»

ደረቅና ጤነኛ ግድግዳ ላይ የተቀባ ነጣ ያለ ቀለም ከወጪው አንጻር ከሁሉም እድሳት የተሻለ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ክርክሬ እርጥብ ግድግዳ ላይ ስለሚቀባው ነው። እንዲህ ያለው ቀለም ብዙም ሳይቆይ ያብጥና ይላጣል፤ ከመላጡ በፊትም ቢሆን የሚያታልለው ልምድ የሌለውን ገዢ ብቻ ነው። ግንበኛ ይዞ የመጣ ገዢ ቁም ሣጥኑን ፈቀቅ አድርጎ ከጀርባው ያለውን ግድግዳ በመዳፉ ይዳስሳል፣ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ምልክት ይፈልጋል፣ ከአራቱ ግድግዳ አንዱ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ካገኘው ደግሞ ምክንያቱን ይጠይቃል።

ስለዚህ ከቀለሙ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ከላይ የሚመጣ ከሆነ መንሥኤው አብዛኛውን ጊዜ የቆርቆሮው ሚስማር ላስቲክ በፀሐይ ደርቆ መሰንጠቁ፣ ወይም አሸንዳው በቅጠልና በአፈር ተደፍኖ ውሃውን ወደ ግድግዳው መመለሱ ነው፤ አንድ ሠራተኛ በአንድ ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነው። ከታች የሚመጣ ከሆነ ግን፣ ማለትም እርጥበቱ ከወለሉ ተነሥቶ እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ የሚታይ ከሆነ፣ መሬቱ የያዘው ውሃ በመሠረቱና በብሎኬቱ ውስጥ ወደ ላይ እየተሳበ ነውና ቀለምም ስቱኮም አያቆሙትም።

እዚህ ላይ ስለ አፈሩ መናገር ግድ ይላል። የከተማው ምሥራቅና ደቡብ ዳርቻ ሰፊ ክፍል፣ ከሰሚትና ከቦሌ አራብሳ ጀምሮ እስከ አቃቂ ድረስ፣ ገበሬው መረሬ የሚለው ጥቁር አፈር ያለበት ነው። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሸማቀቃል፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅም ይከፍታል፤ በላዩ ያረፈውን ቤትም በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ጠንቃቃ ሠሪ አፈሩን ቆፍሮ አውጥቶ ሰሌክት በሚባለው የማያብጥ የሙሌት አፈር ይተካዋል፤ ይህ ያልተደረገለት ቤት ወለሉ ያብጣል፣ በሩ በክረምት አልዘጋም ይላል፣ ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ ሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅም ያወጣል።

ሁሉም ስንጥቅ አንድ አይደለም። እንደ ፀጉር ቀጥነው ልስኑ ላይ ብቻ የተበተኑት ልስኑ ሲደርቅ የተፈጠሩ ስለሆኑ ተደፍነው ቢቀቡ በቂ ነው። ሰያፍ ሆነው ብሎኬቱን የከፈሉትን ግን ሻጩ ከመድፈኑ በፊት ጫፋቸው ላይ በእርሳስ መስመርና ቀን ጽፎ ሁለት ሦስት ወር ቢጠብቅ፣ ስንጥቁ ከመስመሩ ማለፍ አለማለፉ ስለ ቤቱ ብዙ ይነግረዋል። እያደገ ከሆነ ዋናው መድኃኒት ውሃውን ከመሠረቱ ማራቅ ነው፦ አሸንዳውን ማስተካከል፣ በቤቱ ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ ንጣፍ መሥራት፣ የጣሪያውን ውሃ በቦይ ከግቢ ማስወጣት፣ ግድግዳውን ተጠግቶ የተተከለ ባሕር ዛፍ ካለም ያንን ማየት። ይህ ሥራ ለዓይን አይስብም፣ ፎቶግራፍም አያምርበትም፤ እኔ ግን ከጂፕሰም ኮርኒስ ይልቅ ገንዘቡ እዚህ ቢወጣ እመርጣለሁ። እያወቁ በቀለም መሸፈን ደግሞ ከሽያጩ በኋላም አያስተኛም፤ ስውር ጉድለትን የደበቀ ሻጭ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሊጠየቅ ይችላልና።

«አንድ ሰርቪስ ቤት ብጨምርበት ዋጋው ይጨምራል»

እዚህ ላይ ከፊል እውነት አለ። በዳርቻው ያለ ገዢ ዋናውን ቤት ለራሱ፣ ሰርቪሱን ለኪራይ ስለሚያስበው፣ የራሱ ሽንት ቤትና የራሱ መግቢያ ያለው ሰርቪስ ተፈላጊ ነው። ቅድመ ሁኔታው ግን ግንባታው በወረቀት መኖሩ ነው። በሕንፃ አዋጁ መሠረት ግንባታ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለሽያጭ ተብሎ በጥድፊያ፣ ብዙ ጊዜም በቅዳሜና እሑድ፣ ያለ ፈቃድ የተተከለ ክፍል ፕላኑ ላይ የለም። ገዢው በባንክ ብድር የሚገዛ ከሆነ ባንኩ የሚልከው መሐንዲስ ካርታውንና ፕላኑን ይዞ ስለሚለካ፣ ወረቀቱ ላይ የሌለውን ክፍል ቆጥሮ አይገምተውም፤ ይባስ ብሎ በወረቀቱና በመሬቱ መካከል ያለው ልዩነት ስም ማዛወሩን ሊያጓትተው ይችላል። ከአጥር ክልል ጥቂት ወጣ ተብሎ የተሠራ ግንብም እንዲሁ ነው፤ ሻጩ እንደ ትርፍ ያየዋል፣ ገዢው ግን ነገ የሚፈርስ ነገር አድርጎ ይቆጥረዋል።

በእኔ አስተያየት በዚህ አካባቢ ከሁሉም የበለጠ የሚያዋጣው «እድሳት» ሲሚንቶ የማይነካው ነው፦ ሰነዱን ማስተካከል። ካርታው በማን ስም ነው? ቤቱ በውርስ የመጣ ከሆነ የወራሽነት ማስረጃው ወጥቷል ወይ? የባል ወይም የሚስት ስምምነት አለ? የሊዝ ወይም የመሬት ኪራይ ክፍያ ውዝፍ አለበት? የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በሕግ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መከናወን ስላለበት፣ እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ ውልና ማስረጃ በር ላይ መነሣታቸው አይቀርም። በዚያ ቀን የጎደለ አንድ ወረቀት ገዢውን ወደ ሌላ ቤት ይሰደዋል። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ ወይም ሱሉልታ ያለ ቤት ደግሞ ጉዳዩ የሚታየው በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በሸገር ከተማ አስተዳደር እንጂ በአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች አለመሆኑን ሻጩ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ መንገዱን ብቻ ተሻግረው አሠራሩ ያው የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

«አሮጌውን ጭቃ ቤት አፍርሼ ቦታውን ባጸዳው ይሻላል»

ሰፊ ግቢ ላይ ያረፈ አሮጌ ቤት ያለው ሰው፣ ገዢው ቤቱን እንደሚያፈርሰው ስለሚያውቅ ራሱ አፍርሶ ሜዳውን ማሳየት ያምረዋል። ይህ አደገኛ ምኞት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑንና እንደማይሸጥ ስለደነገገ፣ በነባር ይዞታ (ያለ ሊዝ በተያዘ ቦታ) ላይ በውሉ የሚሸጠው ቤቱ ነው። ዋጋውን የሚያመጣው ቦታው መሆኑን ሻጭም ገዢም ደላላም ያውቃሉ፤ ውሉ ላይ የሚጻፈው ግን ጭቃ ቤቱ ነው። እሱን ያፈረሰ ሰው የሚሸጠውን ነገር አፍርሷል። እንዲህ ያለውን ቤት ማደስም ቢሆን ከንቱ ነው፤ ቆርቆሮው እንዳያፈስ ማድረግ፣ ግቢውን ማጽዳትና ወሰኑ ላይ ያሉት ችካሎች በግልጽ እንዲታዩ ማድረግ ይበቃል።

«ውሃና መብራት የመንግሥት ጉዳይ ነው፣ ገዢም ያውቀዋል»

ያውቀዋል፤ ስለዚህም ነው የሚጠይቀው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሳምንት የሚያደርስ ሮቶ፣ ቢቻል በጥሩ የብረት ማማ ላይ የተሰቀለ፣ ገዢው በዓይኑ አይቶ የሚረዳው ዋጋ ነው። እንግዳው ቧንቧ ሲከፍት ውሃ መውረዱ ብቻውን ከብዙ ንግግር ይበልጣል። የመብራት ቆጣሪው የግል ይሁን ከጎረቤት የተሳበ መስመር፣ በሻጩ ስም ይሁን በቀድሞው ባለቤት ስም፣ ያልተከፈለ ሒሳብ ይኑርበት አይኑርበት ቀድሞ መታየት አለበት። የፍሳሽ መስመር ባልደረሰባቸው ሰፈሮች የሽንት ቤት ጉድጓዱን ከጉብኝት በፊት ማስመጠጥ እንደ ቅንጦት የሚቆጥሩት አሉ፤ ሽታው ግን ከሻጩ ቀድሞ ገዢውን በር ላይ ይቀበለዋል።

«ግቢው መጨረሻ የሚታሰብ ነገር ነው»

ገዢ መጀመሪያ የሚያየው የውጭ በሩን ነው። የላሜራውን ዝገት አስፍቆ መቀባት፣ የተከመረውን የግንባታ ትርፍራፊ ማስወጣት፣ ሣሩን ማሳጨድ የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ግቢውን በሙሉ ውድ ንጣፍ ማልበስ ግን ከላይ በእማማ ማዕድ ቤት እንዳየነው የገዢውን ምርጫ አስቀድሞ መገመት ይሆናል።

«በክረምት ቤት አይታይም»

ብዙ ሻጭ መስከረም እስኪጠባ ይጠብቃል፤ ጭቃውም ዝናቡም እንዳይታይበት ነው። አዋቂ ገዢ ግን ሆን ብሎ ሐምሌና ነሐሴ ይመጣል፣ ኮርኒሱን፣ መንገዱንና የጎርፉን መሄጃ በአንድ ጉብኝት ስለሚያይ። የተጠገነ ጣሪያና የሚሠራ ቦይ ያለው ሻጭ ከእነዚህ ወራት የሚፈራው ነገር የለም፤ እንዲያውም ዝናብ እየጣለ ደረቅ ግድግዳ ማሳየት ይችላል። የሚያስፈልገው ሥራውን በበጋው ወራት፣ ልስንና ቀለም በደንብ በሚደርቁበት ጊዜ፣ መጨረስ ብቻ ነው።

«የእድሳት ደረሰኝ ምን ያደርጋል?»

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በሕንፃ ሽያጭ በተገኘ ጥቅም ላይ 15 በመቶ ግብር ሲጥል፣ ከመሸጡ በፊት ለሁለት ዓመት ሙሉ በሙሉ በግል መኖሪያነት ያገለገለን ቤት ከዚህ ነጻ አድርጎታል። ሰርቪሱን ሲያከራይ የኖረ ሰው «ሙሉ በሙሉ» የምትለዋን ቃል ልብ ሊላት ይገባል። ውል ከመፈረሙ በፊት በዕለቱ የሚሠራበትን ድንጋጌ ከግብር ጽሕፈት ቤት መጠየቅ፣ እስከዚያው ደግሞ ቤቱ የተሠራበትንና የተሻሻለበትን ወጪ የሚያሳይ ሕጋዊ ደረሰኝ ሁሉ በአንድ ፋይል ማስቀመጥ ተገቢ ነው። ሲሚንቶና ቆርቆሮውን «ያለ ደረሰኝ ይቀንስልዎታል» ተብሎ የገዛ ሰው በዚያን ቀን ጥቂት ብር ያተርፍ ይሆናል፤ ትርፉ በሚሰላበት ጠረጴዛ ፊት ሲቀርብ ግን የሚያሳየው የተሠራውን ቤት እንጂ ያወጣበትን ወጪ አይደለም።