ለሁለት ሳምንት የመጣ እንግዳ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችን አራት ኪሎ አካባቢ ናት። ክረምት በመጣ ቁጥር ከውጭ አገር ለሁለት ሳምንት የሚያገለግል የሚሽን ቡድን እንቀበላለን። እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ በዚያ ላይ አንድ ሁለት እንግዳ ቤታችን ያድራል። ከእንግዶቹም ከእኛም አፍ ሲደጋገሙ የምሰማቸው፣ መቀራረቡን የሚያበላሹ አስተሳሰቦች አሉ።

«ወንጌልን ይዘንላቸው መጣን»

በግልጽ የሚናገረው ሰው እየቀነሰ ነው፤ በጸሎት መሐል ግን ይሾልካል። «በጨለማ ላሉት» የሚለውን ስንቴ አለዝቤ እንደተረጎምኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ክርስትና በአክሱም የመንግሥት ሃይማኖት የሆነው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ኢዛና ጊዜ ነው። ወንጌላውያኑንም ብንወስድ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933) ሚስዮናውያኑ ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት ምእመናን ሃምሳ አይሞሉም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ በሺዎች ሆነው ጠበቋቸው። ወንጌሉን ያዳረሱት እየታሰሩና እየተገረፉ ያገለገሉ የአገሩ ሰዎች ናቸው። ይህን አውቆ የመጣ እንግዳ ቤት ገብቶ እንደተቀመጠ «እናንተስ እንዴት አመናችሁ?» ይላል። ያኔ አባቴ ወንበሩን ያስጠጋል፤ እራት ይቀዘቅዛል።

«ስጦታ ያቀራርባል»

ይህኛው ላይ ብዙ ተሳስተናል፤ እኛም ጭምር። ሻንጣ ሙሉ ጫማና ልብስ ሲከፈት ሳቅ ይሞላል፣ ምርቃት ይወርዳል። ማግስቱን ግን ነገሩ ይከብዳል። እኛ ዘንድ የተቀበለ ሰው ብድር መመለስ አለበት። መመለሻ ያጣ ደግሞ ያፍራል፣ ያፈረ ሰው ይሸሻል። ጎረቤትም «ለእነ እገሌ መጣላቸው» ይላል። የሚሰጥ ነገር ካለ በኮሚቴ በኩል፣ የሰጪው ስም ሳይነሳ ቢሆን ይሻላል።

የሚያቀራርበው መቀበል ነው፣ በተለይ የእንግዳው መቀበል። አንድ ዓመት ቤታችን ያረፈ ወጣት በሦስተኛው ቀን ሆዱን አመመው። የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ሊቀባ የመጣ ልጅ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተኛ። ክሊኒክ ወስደን መለስነው። እናቴ አጥሚት ሠርታ በኩባያ ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እሷ እንግሊዝኛ አትሰማም፣ እሱ አማርኛ አይሰማም። «ጠጣ የኔ ልጅ» ትለዋለች፤ እሱ አንድ ጊዜ በተጎነጨ ቁጥር «ሶሪ» ይላታል። «ምንድነው የሚለው?» አለችኝ። ስላስቸገርኩ ይቅርታ ነው የሚለው ስላት ሳቀች። «ታዲያ ማንን ሊያስቸግር ኖሯል?» ከዚያ ቀን ጀምሮ «ልጄ» ነው የምትለው። ግድግዳው በሁለተኛው ዓመት እንደገና ተቀብቷል።

«እሺ ካሉ ተስማምተዋል»

«እሺ» አንዳንዴ «ሰምቻለሁ» ብቻ ነው። «እናያለን» እና «እግዚአብሔር ካለ» ደግሞ ብዙ ጊዜ በይሉኝታ የተጠቀለለ እምቢታ ናቸው። የቡድን መሪ በጉባኤ ፊት ሽማግሌዎቹን ቢጠይቅ የሚያገኘው «እሺ» ነው። እውነተኛውን መልስ የፈለገ አንዱን ለብቻ፣ ማኪያቶ ላይ ይጠይቅ። (በሰዓትም እንዲሁ ነው። «ሁለት ሰዓት እንገናኝ» ብለን ጠዋት ስንጠብቅ፣ ከቀትር በኋላ በእነሱ ሁለት ሰዓት ከች ያሉ ነበሩ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር «የጠዋቱ ስምንት» ብዬ መተርጎም ነበረብኝ።)

«ጴንጤ ነን፣ ጾም አይመለከተንም»

ይህ የእኛ የአስተናጋጆቹ ስህተት ነው። ክረምቱ ፍልሰታን ይዞ ይመጣል፤ ነሐሴ 1 ይያዛል፣ 15 ቀን ይጾማል፣ ሕፃናት ሳይቀሩ። ግቢያችን ውስጥ ካሉት ቤቶች አብዛኞቹ ኦርቶዶክስ ናቸው። እንግዳ መጣ ብለን ዶሮ ወጥ ስንሠራ ሽታው የማንን ቤት ያንኳኳል? ጎረቤትስ ቡና ሲጠራ ምን ይቀርብለታል? አንድ ዓመት እናቴ ሽሮና ጎመን ብቻ ሠራች። ጎረቤቶቻችን ረከቦቱ ዙሪያ ተሰበሰቡ፤ እንግዶቹ ከሁለት ሳምንቱ የማይረሱት ያንን ቀን እንደሆነ ነገሩኝ። ያን ቀን ፕሮግራም ስላልነበረ እስከ በረካ ተቀምጠዋል። ሌላ ጊዜ አቦል ቀምሰው ሰዓት እያዩ ይነሳሉ፣ ጨዋታው ሊጀመር ሲል።

«ሕፃናቱ ወዲያው ወደዱን»

የሕፃናት ማሳደጊያ ጉብኝትን ከፕሮግራማችን አውጥተናል። ማንም መጤ ሲገባ አንገቱ ላይ የሚጠመጠም ልጅ ብዙ ጊዜ ተንከባካቢ የተፈራረቀበት ልጅ ነው። እንግዳው በሁለት ሳምንት ሲሄድ ሌላ መለየት ይጨመርበታል። ከልጆች ጋር መሥራት የሚፈልግ መምህራኑን ያግዝ።

«ከሄዱ በኋላ ይረሱናል»

አንዳንዶቹ ይረሳሉ፣ እውነት ነው። ግን እኛስ ምን እንጽፋለን? ከሰላምታ ቀጥሎ የትምህርት ክፍያ ወይም የላፕቶፕ ጥያቄ ከመጣ መልሱ እየሳሳ ይሄዳል። በ2016 ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ እንግዳ ሲያሳርፉ የኖሩ የእኛ ምእመናን ከመሐል ከተማ ወጥተዋል። ያንን ሰምተው የሰዎቹን ስም እየጠሩ «የት ገቡ?» ያሉን እንግዶች ጥቂት ናቸው፤ እነሱ ዛሬም ወዳጆቻችን ናቸው።

ያ ግድግዳ ቀቢ በየዓመቱ መስከረም 1 ይደውላል። እኔ ለመተርጎም ስልኩን ልቀበል ስል እናቴ አትሰጠኝም። እሱ «አጥሚት!» ይላታል፣ እሷ «ሶሪ! ሶሪ!» ትለዋለች፤ ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ።