የካቶሊክ ንግሥት፣ የፕሮቴስታንት አገር፦ ስኮትላንድ በሜሪ ስቱዋርት ዘመን

ሜሪ ስቱዋርት የስኮትላንድ ንግሥት የተባለችው ከ1542 እስከ 1567 ነው (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አገሯ ገብታ በራሷ የገዛችው ግን ስድስት ዓመት የማይሞላ ጊዜ ነው። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው በእነዚያ ዓመታት ላይ ነው።

አባቷ ጄምስ 5ኛ ሲሞት የስድስት ቀን ጨቅላ ነበረች። በአምስት ዓመቷ ወደ ፈረንሳይ ተላከች። እዚያው አድጋ አልጋ ወራሹን አገባች። ባሏ ነግሦ ብዙም ሳይቆይ በ1560 መጨረሻ ሞተ። በዚያ መሃል ስኮትላንድን በእንደራሴነት ታስተዳድር የነበረችው ፈረንሳዊት እናቷ ማሪ ደ ጊዝ ናት።

አገሩ የተለወጠው ንግሥቲቱ በሌለችበት ነው። በ1559 የፕሮቴስታንቱ ሰባኪ ጆን ኖክስ በፐርዝ ከተማ ሰበከ፤ ስብከቱን የሰማው ሕዝብ ምስሎችን ሰባበረ፣ ገዳማት ላይ ዘመተ። የፕሮቴስታንት መኳንንት በእንግሊዝ ጦር ድጋፍ የፈረንሳይን ወታደር ከአገር አስወጡ። በነሐሴ 1560 የተሰበሰበው ፓርላማ የሮማውን ጳጳስ ሥልጣን ሻረ፣ ቅዳሴን ከለከለ፣ አዲሱን የእምነት መግለጫ ተቀበለ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲቀድስ ወይም ሲያስቀድስ የተያዘ ሰው ቅጣቱ ሞት ነበር። ሜሪ እነዚህን ሕጎች አላጸደቀችም። ስለዚህ አገሩ የሚመራው ዘውዱ ባልፈረመበት ሕግ ነበር ማለት ነው።

ነሐሴ 19 ቀን 1561 ሊዝ ወደብ ላይ ስትወርድ የ18 ዓመት መበለት ነበረች። በመጀመሪያው እሑድ በሆሊሩድ ቤተ መንግሥት ጸሎት ቤት ቅዳሴ ተቀደሰ። ውጭ ሕዝቡ ተቆጣ። በሩ ላይ ቆሞ የጠበቀው የአባቷ ልጅ ሎርድ ጄምስ ስቱዋርት ነው፤ እሱ ደግሞ ከፕሮቴስታንቶቹ መሪዎች አንዱ ነው። ምክንያቱን ሲጠየቅ ስኮትላንዳዊ ወደ ቅዳሴው እንዳይገባ ነው የምከለክለው አለ። ጎበዝ መልስ ናት።

በማግሥቱ አዋጅ ወጣ። ንግሥቲቱ ስትመጣ ያገኘችውን የሃይማኖት ሁኔታ ማንም እንዳይነካ፣ የቤተ መንግሥቷን ሰዎችም ማንም እንዳይተናኮል የሚል ነው። መንግሥቷ የቆመው በዚህች ስምምነት ላይ ነው፤ አገሩ ፕሮቴስታንት፣ ጸሎት ቤቷ ካቶሊክ። በመስከረም ከተሰየሙት 16 የዘውድ ምክር ቤት አባላት ካቶሊኮቹ አራት ብቻ ነበሩ። ሥራውን በዋናነት የሚያንቀሳቅሱት ሎርድ ጄምስና ጸሐፊዋ ዊሊያም ሜትላንድ ናቸው።

ኖክስ ይህ አልተዋጠለትም። ከአሥር ሺህ የታጠቀ ጠላት ይልቅ አንድ ቅዳሴ ያስፈራኛል ብሎ ሰበከ። ሜሪም አስጠራችው። የንግግራቸውን ዝርዝር የምናውቀው ኖክስ ራሱ ከጻፈው የተሐድሶ ታሪክ ነው፤ ስለዚህ ጥሩ ጥሩው መልስ ሁሉ የእሱ ቢሆን አይገርምም። ተገዢ በገዢው ላይ መነሳት ይችላል ወይ አለችው። አባት አብዶ ልጆቹን ሊገድል ቢነሳ፣ ልጆቹ ሰይፉን ቀምተው እጁን ቢያስሩት ጥፋት ነው ወይ ሲል መለሰላት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች ይላል። በዚያ ዘመን ለንጉሥ እንዲህ ብሎ መናገር ቀላል ድፍረት አልነበረም። ኖክስ በስኮትላንድ የተከለው የፕሬስቢቴሪያን ሥርዓት (ቤተ ክርስቲያን በሽማግሌዎች የምትመራበት) ዘር በአሜሪካ ሚስዮናውያን በኩል ደምቢ ዶሎ ደርሷል፤ በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር የተዋሐደችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን የዚሁ ቤተሰብ ናት።

ከዚያ የገንዘብ ጉዳይ መጣ። በ1562 ከቤተ ክርስቲያን ገቢ ሢሶው ተወስዶ ለዘውዱና ለፕሮቴስታንት ሰባኪዎች እንዲከፋፈል ተወሰነ። ሁለቱ እጅ ከነባሮቹ ባለይዞታዎች ዘንድ ቀረ። ኖክስ፣ ሁለቱን እጅ ለሰይጣን ሰጥተው ሦስተኛውን እግዚአብሔርና ሰይጣን ይካፈሉት አሉ ብሎ አላገጠ። እንዲያም ሆኖ የካቶሊክ ንግሥት ለፕሮቴስታንት ሰባኪዎች ደመወዝ ትከፍል ነበር። በዚያው ዓመት ትልቁን የካቶሊክ ባላባት ሃንትሊን ኮሪቺ ላይ ድል ያደረገውም የራሷ ጦር ነው።

1563 እና 1564 በአብዛኛው የባል ፍለጋ ዓመታት ናቸው።

ሚዛኑን ያናጋው ጋብቻ ነው። በሐምሌ 1565 ካቶሊኩን የአክስቷን ልጅ ሄንሪ ዳርንሊን አገባች። ሎርድ ጄምስ ሸፈተ፤ ተባሮም እንግሊዝ ገባ። በመጋቢት 1566 ዳርንሊና ግብረ አበሮቹ ጣሊያናዊ ጸሐፊዋን ዴቪድ ሪዚዮን ከእራት ገበታዋ ጎትተው ገደሉት። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ልጇ ጄምስ በሰኔ ተወለደ፣ በታኅሣሥ በካቶሊክ ሥርዓት ተጠመቀ። ፕሮቴስታንት መኳንንት ከጸሎት ቤቱ ውጭ ቆመው ጠበቁ።

በየካቲት 1567 ዳርንሊ ተገደለ። ያረፈበት ቤት በባሩድ ፈርሷል፤ አስከሬኑ የተገኘው ግን አትክልት ቦታው ውስጥ ነው። ቦዝዌል የተባለው የስኮትላንድ መኳንንት እጁ እንዳለበት ብዙም አያከራክርም። ሜሪ ታውቅ ነበር ወይ የሚለው ግን እስከ ዛሬ ያሟግታል፤ ለቦዝዌል ጻፈቻቸው የተባሉት ደብዳቤዎች ዋናዎቹ ጠፍተው ቅጂና ትርጉም ብቻ ቀርቷል። በሦስት ወሩ ቦዝዌልን አገባች፤ ያውም በፕሮቴስታንት ሥርዓት። ያኔ ሁለቱም ወገን ጀርባውን ሰጣት። ካርበሪ ኮረብታ ላይ እጇን ሰጠች፤ ሐምሌ 24 ሎክሌቨን ደሴት ላይ ታስራ ዘውዷን ለልጇ ለቀቀች። በዓመቱ አምልጣ ላንግሳይድ ላይ ተሸነፈች። ወደ እንግሊዝ ሸሸች፤ 19 ዓመት ገደማ ታስራ በ1587 አንገቷ በመጥረቢያ ተቆረጠ።

ሰባት ዓመት ያልፈረመችባቸው የ1560 ሕጎች በታኅሣሥ 1567 እንደገና ጸደቁ። እንደራሴው ያ በር ጠባቂ ሎርድ ጄምስ ነበር። ንጉሡ ደግሞ ከዓመት በፊት በካቶሊክ ሥርዓት የተጠመቀው፣ የአንድ ዓመት ከመንፈቁ ሕፃን።