ካሊፎርኒያ፦ ከዳኛው በፊት ያለው ክፍል

ካሊፎርኒያ ውስጥ ወላጆች ተለያይተው «ልጁ ከማን ጋር ይኑር?» በሚለው ካልተግባቡ፣ ዳኛው ክርክሩን ከመስማቱ በፊት አስማሚ ዘንድ ይልካቸዋል። ምርጫ አይደለም፣ ግዴታ ነው። ተጋብተው የማያውቁ ወላጆችም በዚያው በር ያልፋሉ። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1981 ሲሆን፣ ከአሜሪካ ግዛቶች ይህን ግዴታ በማድረግ ካሊፎርኒያ ቀዳሚዋ ናት። ዛሬ ድንጋጌው በቤተሰብ ሕጓ ቁጥር 3170 ላይ ይገኛል። ግዴታው ታዲያ መቅረብ እንጂ መስማማት አይደለም። ቀርቦ፣ አዳምጦ፣ «አልስማማም» ብሎ መውጣት ይቻላል።

አገልግሎቱን የሚሰጠው በየካውንቲው ፍርድ ቤት ያለው ፋሚሊ ኮርት ሰርቪስስ የሚባለው ክፍል ነው። በነፃ ነው። አስማሚዎቹ ዳኞች አይደሉም። በሥነ ልቦና፣ በሶሻል ወርክ ወይም በተቀራራቢ ሙያ ማስተርስ ያላቸውና በሥራ ላይ ቢያንስ ሁለት ዓመት የቆዩ ባለሙያዎች ናቸው። ጠበቃ ያቆመ ሰው ጠበቃውን ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ አስማሚው ግን «እርስዎ ውጭ ይጠብቁ» የማለት ሥልጣን አለው።

ነገሩ ሲጀመር ዓላማው ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ግዛቲቱ የዕርቅ ፍርድ ቤት የሚያቋቁም ሕግ አወጣች፤ ከሁሉም ስሙ የገነነው የሎስ አንጀለሱ ነው። ሥራውም ሽማግሌዎቻችን የሚያውቁት ዓይነት ነበር፦ ትዳር እንዳይፈርስ ማስታረቅ። በ1970 ግን ማንም ጥፋተኛ ሳይባል መፋታትን የሚፈቅደው ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ለመፋታት የሌላውን በደል በማስረጃ መዘርዘር ቀረ። ትዳሩን ማዳን የማይቻል ከሆነ ልጆቹስ እንዴት ይሁኑ ወደሚለው ትኩረቱ ዞረ። የሎስ አንጀለሱ ፍርድ ቤት በ1970ዎቹ የአሳዳጊነት ጠብን ማስማማት ጀመረና የ1981ዱ ሕግ ልምዱን ለመላ ግዛቲቱ አደረሰው።

ሀገር ቤትም የሚመሳሰል ጉዞ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን ራሱን የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች እንዲያዩት አድርጎ ነበር። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺን ለፍርድ ቤት ሰጠና ለሽማግሌዎቹ የማስታረቁን ሙከራ ተወላቸው። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ፍርድ ቤት መር አስማሚነትን አመጣ። ያም ሆኖ ካሊፎርኒያ ያለ ሐበሻ ወደ አስማሚ ሲሄድ ሽማግሌ ፊት የሚቀርብ ከመሰለው ይቸገራል። ሽማግሌ ሁለቱንም ቤተሰብ ያውቃል፣ በዳዩን ይገሥጻል፣ «ለልጆችሽ ስትይ ተመለሺ» ይላል። አስማሚው ይህን አያደርግም። ማን ማንን እንደበደለም ብዙ አያስጨንቀውም።

እና ምን ይጠይቃል? «ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ማን ያወጣዋል? የሌሊት ፈረቃ የሚሠራው ማን ነው? ስትለዋወጡ የት ትገናኛላችሁ?» አባትየው የሦስት ዓመት ቂም ሊዘረግፍ ሲጀምር፣ ወሬው ተመልሶ ልጁ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ላይ ያርፋል። ሁለት ነገር ተለይቶ ይታያል። አንደኛው ልጁ የሚኖርበት ቤትና ቀናቱ ነው። ሁለተኛው ስለ ትምህርቱና ስለ ሕክምናው የመወሰን መብት ነው። አስማሚው አስፈላጊ መስሎ ከታየው ልጁን ራሱን ማነጋገር ይችላል።

ገንዘብ እዚህ ክፍል ውስጥ አይነሳም። ቤት፣ መኪና፣ ቻይልድ ሰፖርት (የልጅ ማሳደጊያ ክፍያ) ሁሉ ሌላ ቦታ ነው የሚታየው። ግን ማንም አይታለል፤ የቻይልድ ሰፖርቱ ቀመር ልጁ ከእያንዳንዱ ወላጅ ጋር የሚያሳልፈውን ጊዜ በመቶኛ ያስገባል። በአንድ አዳር የሚሟገቱ ወላጆች አንዳንዴ የሚሟገቱት ስለ አዳሩ ብቻ አይደለም።

አሁን ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚገባበትን ነገር እናንሳ። ካሊፎርኒያ አንድ ግዛት ብትሆንም ካውንቲዎቿ በሁለት መንገድ ይሠራሉ። እንደ ሎስ አንጀለስ ባሉት የተባለው ሁሉ ምሥጢር ነው። ሳይስማሙ ቢወጡ አስማሚው ለዳኛው የሚነግረው አለመስማማታቸውን ብቻ ነው። እንደ ሳን ዲዬጎ ባሉት ግን አስማሚው ስምምነት ከጠፋ «ለዚህ ልጅ ይሻላል» የሚለውን ጽፎ ለዳኛው ያቀርባል። ዳኛው በሐሳቡ አይገደድም፤ ክብደት ይሰጠዋል ግን። እ.ኤ.አ. በ1983 የግዛቲቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ማክላፍሊን በሚባለው መዝገብ ላይ፣ አስማሚው ሐሳብ ካቀረበ ወላጆች እሱን በመስቀለኛ ጥያቄ የመጠየቅ መብት ሊኖራቸው ይገባል ብሎ ወሰነ። ዛሬ ሪፖርቱ ከችሎቱ በፊት ለወላጆችና ለጠበቆቻቸው በጽሑፍ ይደርሳል። በእኔ ግምት ይህ ልዩነት በትልቁ በሩ ላይ ቢለጠፍ ይገባ ነበር። ምሥጢር መስሎት ብሶቱን ያራገፈ ሰው ቃሉን ሪፖርት ላይ ሲያገኘው ይደነግጣል። ምሥጢሩም ቢሆን ወሰን አለው፤ ልጅ መጎዳቱን የሰማ አስማሚ ማሳወቅ ግዴታው ነው።

ድብደባ ወይም ማስፈራራት በነበረበት ቤት ሕጉ ለየት ያለ መንገድ አለው። የጥበቃ ትእዛዝ ያላት ወይም በደሉን በመሐላ ቃል የጻፈች እናት ብትጠይቅ፣ ከአባትየው ጋር ፊት ለፊት አትቀመጥም። ለየብቻ፣ በተለያየ ሰዓት ይገባሉ። አብሯት የሚቀመጥ ደጋፊ ሰውም ማምጣት ትችላለች፤ ያ ሰው ግን ስለ እሷ አይናገርም። ባለፉት አምስት ዓመታት ሌላኛውን ወላጅ ወይም ልጁን መበደሉን ፍርድ ቤት ያረጋገጠበት ሰው አሳዳጊነት እንዳይሰጠው የሕግ ግምት አለ። ግምቱን ማፍረስ ያለበት ራሱ ነው። በወረቀት ጉዳይ የሚፈሩም አሉ። የወላጅ የኢሚግሬሽን ሁኔታ ብቻውን አሳዳጊነት እንደማያሳጣ ሕጉ በግልጽ ጽፏል፤ «ሪፖርት አደርግሃለሁ» የሚለው ማስፈራሪያ እዚህ ጋ አይሠራም።

ለእኛ ሰው በተለይ የሚያስፈልገው የበዓል ዝርዝር ነው። ፍርድ ቤቱ የበዓላት መርሐ ግብር የሚሞላበት ቅጽ አለው፤ ቁጥሩ ኤፍኤል 341 ሲ ነው። ታንክስጊቪንግ፣ የእናቶች ቀን አሉበት። ጃንዋሪ 7 የሚውለው ገና፣ እንቁጣጣሽ፣ የእኛ ፋሲካ፣ ዒድ አልተጻፉም። «ክሪስማስ» ብለው ፈርመው የወጡ ወላጆች ጃንዋሪ ሲመጣ ይጣላሉ። እንግዲህ ማስጻፍ የራስ ሥራ ነው። ልጁ ቅዳሜ ወይም እሑድ ቋንቋ የሚማርበት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ካለ፣ በየትኛው ወላጅ ሳምንት ማን እንደሚወስደውም አብሮ ይጻፍ።

ቀጥሎ ጉዞ አለ። አያት ልጁን ማየት ይፈልጋሉ፣ ክረምት ላይ አዲስ አበባ ይኬዳል። ዕድሜው ከ16 በታች ለሆነ ልጅ የአሜሪካ ፓስፖርት ለማውጣት በመደበኛው የሁለቱም ወላጆች ፈቃድ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ ደግሞ ያለ ፈቃድ ከሀገር የወጣ ልጅን ስለመመለስ የሚደነግገውን እ.ኤ.አ. የ1980ውን የሄግ ስምምነት አልፈረመችም። ስለዚህ አንደኛው ወላጅ «ሄደው ቢቀሩስ?» ብሎ ቢሰጋ ባዶ ጥርጣሬ ነው አይባልም። የደርሶ መልስ ትኬት ኮፒ፣ የሚያርፉበት አድራሻ፣ ፓስፖርቱ ማን ጋ እንደሚቀመጥ፣ በሳምንት ስንቴ በቪዲዮ እንደሚደወል፦ እነዚህ ተጽፈው የተፈረሙ ከሆነ ፈቃዱ ይቀላል።

እንግሊዝኛው የማይመች ሰው አስተርጓሚ ከቀጠሮው ቀደም ብሎ መጠየቅ አለበት። የአማርኛ አስተርጓሚ እንደ ስፓኒሽኛው በየኮሪደሩ አይገኝም። ዘመድን ማስተርጎም ፈተና ነው፤ አክስት ስትተረጉም የራሷን ብሶት ጨምራ ነው። ልጁን ማስተርጎምማ ጨርሶ አይታሰብም።

ከተስማሙ የተስማሙበት ይጻፍና ዳኛው ሲፈርምበት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይሆናል። ያኔ መጣስ ያስጠይቃል። ካልተስማሙ ችሎት ይቀርባሉ፤ ዕድሜው 14 የሞላው ልጅ መናገር ከፈለገ፣ ለእሱ አይበጀውም ብሎ ካልወሰነ በቀር ዳኛው ያደምጠዋል። ትእዛዙም ለዘላለም አይደለም። የሥራ ሰዓት ሲቀየር፣ አንዱ ወላጅ ሌላ ከተማ ሲሄድ፣ ልጁ ሲያድግ እንደገና ማመልከት ይቻላል። ካልተግባቡ በድጋሚ ወደ አስማሚው ይላካሉ።