«ሱፐርፍላት» ሲባል ምን ማለት ነው?

«ሱፐርፍላት» ጥልቀት የማይታይበት ሥዕል ሁሉ መጠሪያ እየመሰለ ደጋግሞ ስለሚያምታታ፣ ትርጉሙን ማጥራት ያስፈልጋል። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ2000 ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ ያስተዋወቀው ጃፓናዊው ሠዓሊ ታካሺ ሙራካሚ ሲሆን፣ ቃሉ ሁለት ዓይነት ጠፍጣፋነትን ይይዛል። አንደኛው ለዓይን የሚታየው ነው፤ በጥንታዊው የጃፓን ሥዕልና በአኒሜ (በጃፓን የካርቱን ፊልም) እንደምናየው፣ የቅርብና የሩቅ ልዩነት የሌለው ገጽ። ሁለተኛውና በእኔ እምነት ዋናው፣ በሥነ ጥበብና በሸቀጥ መካከል ያለው የደረጃ ልዩነት መደልደሉ ነው።

የሙራካሚን ሳቂታ አበባ ብንወስድ፣ ያው ክብ ፊት በሸራ ተሥሎ ሙዚየም ውስጥ ይሰቀላል፣ ትራስ ሆኖም ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 የፈረንሳይ የቅንጦት ዕቃ አምራች ለሆነው ለሉዊ ቪቶን ቦርሳዎች የድርጅቱን ምልክት በ33 ቀለማት አስውቦ ነበር፤ በ2007 ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሥራዎቹ ሲታዩ ደግሞ፣ ቦርሳዎቹ በእውነት የሚሸጡበት ሱቅ በዐውደ ርእዩ መካከል ተከፈተ።

ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ጠፍጣፋ ስለሆኑ ብቻ ሱፐርፍላት አይባሉም። ይህ እርግጥ ነው። አካሄዱ የሸማችነት ውዳሴ ነው ወይስ ትችት በሚለው ላይ ግን ሐያስያን ዛሬም አይስማሙም።